ያልተሠራበት ስም ባለቤት አልባ ስም አይደለም

አዲስ ድርጅት የሚያቋቁም ሰው ንግድ ፈቃዱን አውጥቶ፣ ማኅተሙን አስቀርጾ ለድረ ገጹ የሚሆነውን የዶሜይን ስም ሊያስመዘግብ ሲል፣ የመረጠው ስም በሌላ ሰው ተይዞ ማግኘቱ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ስሙን በስልኩ ጽፎ ሲከፍተው የሚጠብቀው ባዶ ገጽ ወይም «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። «ካልሠራበት ለምን ይይዝብኛል?» የሚለው ቅሬታ የሚመጣውም ያኔ ነው። ቅሬታው ይገባናል፤ ከቅሬታው ተነሥቶ «እንግዲያው ስሙ ለእኔ ይገባል» የሚለውን ድምዳሜ ግን ይህ ጋዜጣ አይቀበለውም።

ስሜቱ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ ትውልድ ባነቃነቀበት አገር፣ በሊዝ የተወሰደ ቦታም በጊዜው ሳይገነባበት ታጥሮ ከተቀመጠ ውሉ እንደሚቋረጥ በሚታወቅበት ከተማ፣ ጦም ያደረ ነገር ለሚሠራበት ይሰጥ ማለት ፍትሕ መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። የዶሜይን ስም ግን በዚህ ሕግ አይተዳደርም። ቀድሞ ያስመዘገበ፣ ክፍያውንም በየጊዜው የሚያድስ ሰው፣ እንደ ዶት ኮም ባሉት ስሞች በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ሊይዘው ይችላል፤ ድረ ገጽ ካልከፈትህበት ትነጠቃለህ የሚል ግዴታም አልተጣለበትም። ደግሞስ ገጽ የሌለው ስም ሁሉ ሥራ ፈት ነው ያለው ማን ነው? የአንድ ድርጅት ኢሜይል በሙሉ የሚመላለስበት ስም፣ ከውጭ ለሚያየው ባዶ ሊመስል ይችላል።

ዓለም አቀፉ የስሞች አስተዳዳሪ አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የክርክር ደንብ ሚዛኑን በግልጽ አስቀምጧል። ከሳሹ ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች በሆነ መጠን ተመሳሳይ መሆኑን፣ ያዡ በስሙ ላይ መብትም ሆነ ተገቢ ጥቅም እንደሌለው፣ ስሙንም በክፉ ልቦና አስመዝግቦ በክፉ ልቦና እየተጠቀመበት መሆኑን፣ ሦስቱን አንድም ሳያጎድል ማስረዳት አለበት። ትናንት የተቋቋመ ኩባንያ፣ ገና ሳይታሰብ ከብዙ ዓመት በፊት በተመዘገበ ስም ላይ ክፉ ልቦናን ማስረዳት የሚቸግረው ለዚህ ነው፤ ያልተወለደን ድርጅት ለመጉዳት ያሰበ ሰው አይኖርምና።

ይህ ማለት ዝም ብሎ መያዝ ምንጊዜም ከለላ ነው ማለት አይደለም። የአውስትራሊያው የቴሌኮም ኩባንያ ቴልስትራ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበው አቤቱታ፣ ማንነቱን ሰውሮና ሐሰተኛ አድራሻ ሰጥቶ ቴልስትራ ዶት ኦርግ የተባለውን ስም ያስመዘገበ ሰው ምንም ባይሠራበትም፣ እንዲህ ባለ ሁኔታ ያለ ሥራ መያዙ ራሱ የክፉ ልቦና አጠቃቀም ነው ተብሎ ስሙ ለኩባንያው እንዲተላለፍ ተወስኗል። በአንጻሩ ኡዚ ኒሳን የተባለው በአሜሪካ የሚኖር የኮምፒውተር ነጋዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በቤተሰብ ስሙ ያስመዘገበውን ኒሳን ዶት ኮም፣ የጃፓኑ መኪና አምራች በ1999 ከከሰሰው በኋላ ለዓመታት ተሟግቶ፣ ስለ መኪና ማስታወቂያ እንዳያወጣበት ቢታገድም፣ ስሙን ሳይነጠቅ በ2020 አርፏል። ሁለቱን ጉዳዮች የለየው የኩባንያዎቹ ትልቅነት ሳይሆን ስሙ የተያዘበት ልብ ነው፤ ትክክለኛው ፍርድም ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ የሌላውን ስም የሚሻ ሰው መንገዱ የታወቀ ነው። ባለቤቱን በመዝጋቢው ድርጅት በኩል ጠይቆ፣ ዋጋ ተስማምቶ፣ ገንዘቡን ስሙ እስኪተላለፍ ድረስ በታማኝ ሦስተኛ ወገን ዘንድ አስቀምጦ መግዛት ይችላል። ልጠብቅ ካለም፣ ጊዜው ያለፈበት ስም በማግስቱ እንደማይለቀቅ ይወቅ፤ ባለቤቱ ሊያድሰው የሚችልበት ጊዜ እስከ 45 ቀን፣ የማስመለሻ ጊዜው 30 ቀን፣ ከመሰረዙ በፊት ደግሞ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በተለቀቀበት ቅጽበትም ለዚሁ ሥራ በተሰናዱ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮች ሊታፈስ ይችላል። የባለቤቱን ኢሜይል ሰብሮ የማዘዋወሪያ ቁጥሩን መውሰድ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ፣ በሥልጣን ማስፈራራት ግን ስርቆትና ወንጀል ነው፤ በሌላ ስም ልንጠራው አንችልም። የታወቀን ተቋም ስም አስቀድሞ ነጥቆ ካሳ የሚጠይቀውም በዚያው በክፉ ልቦና ሚዛን ይመዘናል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበን ግን የተቋማቱ የራሳቸው ቸልታ ነው። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ስሙን በራሱ ስምና በግል ኢሜይሉ ያስመዘግባል፤ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ የስሙ ጊዜ ከማለፉ አንድ ወር፣ ኋላም አንድ ሳምንት አስቀድሞ የሚላከው የእድሳት ማስጠንቀቂያ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ስሙ ከጠፋ በኋላ ጣት የሚቀሰረው በገዛው ሰው ላይ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችንም፣ በበጎ ፈቃደኞች ትጋት እንደቆሙ ሁሉ፣ ስማቸውን በአንድ በጎ ፈቃደኛ እጅ ትተው እንዳይገኙ ሊያስቡበት ይገባል። ስሙ በተቋሙ ሕጋዊ ስም ይመዝገብ፣ ኢሜይሉ የሥራ ክፍል እንጂ የግለሰብ አይሁን፣ እድሳቱም በበጀት ይያዝ፤ ይህን ያላደረገ የሥራ ኃላፊ ስሙ ሲጠፋ በኃላፊነት ሊጠየቅ ይገባል።

ዶት ኢቲ የተባለውን የአገራችንን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም፣ የንግድ ምልክት የሚመዘግበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም የየድርሻቸው ኃላፊነት አለባቸው። በአንድ ስም ላይ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ አቤቱታ የሚሰማው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን ውሳኔ እንደሚሰጥ፣ የተረታው ወገን ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት ጊዜም ምን ያህል እንደሆነ፣ ማንም ዜጋ ያለ ጠበቃ አንብቦ በሚረዳው አማርኛ ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል። ውሳኔውም ስሙ ተሠርቶበታል ወይ በሚል ሳይሆን፣ በቅን ልቦና ተይዟል ወይ በሚል ጥያቄ እንዲመራ እንጠይቃለን።