ለጊዜው የሚሆን የመስኮት መጋረጃ ስለ መስፋት

ቤት የለወጠ ሰው ከዕቃው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው የመጀመሪያዪቱን ሌሊት ካደረ በኋላ ነው። እኛም ወደ ሌላ ቤት በገባን ጊዜ ባለቤታችን አራስ ነበረች። የመኝታ ቤቱ መስኮት በመንገድ በኩል ስለ ነበረ፥ ሕፃኑን ልታጠባ በተነሣች ቍጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ልብስ ሰፊውን ብንጠይቀው ከ15 ቀን በፊት አይደርስም አለን። ጥሩውን መጋረጃ በዱቤ ግዙ ብለው የመከሩንም ነበሩ፤ ነገር ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን ፈርተን ተውነው።

በዚያች ሌሊት ጋቢያችንን በምስማር ብንሰቅለው ጋቢው ተቀደደ፤ ክፍሉም ጨለመ። በማግሥቱ አቡጀዲ ገዝተን ሳናጥበው በመስኮቱ ልክ ቈርጠን ሰፋነው። በታጠበ ጊዜ ግን ስለ ተሰበሰበ የመስኮቱ ሥር ስንዝር ያህል ተገለጠ፤ ዐላፊ አግዳሚውም እንደ ገና ያይ ጀመር። አንባቢዎቻችን እንደዚህ እንዳይሆኑ ሁለተኛ የሰፋንበትን መንገድ እንነግራቸዋለን።

መጀመሪያ መለካት ነው። የመስኮቱ ወርድ 1 ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ መጋረጃው ከበላዩ 10፥ ከበታቹ 15 ሳንቲ ሜትር ማለፍ ስለሚገባው ቁመቱ 1 ሜትር ከ45 ይሆናል። ለላይኛው እጥፋት 6፥ ለታችኛው 10 ሲጨመርበት 1 ሜትር ከ61 ይመጣል። አቡጀዲ በውሃ ስለሚሰበሰብ ግን 1 ሜትር ከ75 መግዛት ይሻላል። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ ሁለት ቍራጭ፥ ይኸውም 3 ሜትር ተኩል ይበቃል።

ጨርቁን ውሃ ውስጥ አሳድሮ ማስጣት፥ ጥቂት እርጥበት ሳለውም በካውያ መተኰስ ነው። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቍረጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ግራና ቀኙ ከፋብሪካው የመጣ ጠርዝ ስለ ሆነ አይተረተርም፤ ስለዚህ መስፋት አያሻውም። ላዩን አስቀድሞ 1፥ ቀጥሎ 5 ሳንቲ ሜትር አጥፎ በእጥፋቱ ግርጌ መስፋት ነው፤ ዘንጉ የሚገባው በዚህ ነውና። ታቹንም 1፥ ከዚያም 9 አጥፎ መስፋት። ስፌቱ ረዘም ያለ የእጅ ስፌት ይሁን፤ በየስንዝሩ ግን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መለስ ብሎ መውጋት ክሩን ያጸናዋል።

ሲባጎ መካከሉ ስለሚረግብ፥ ከአውራ ጣት ያልወፈረ የተላጠ ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለት ምስማር ላይ ማሳረፍ ይበልጣል። ፋኖስና ሻማ፥ የከሰል ምድጃም ወደ መጋረጃው ከቶ አይቅረቡ።

በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊ ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ አፄ ልብነ ድንግል በመጋረጃ ተከልለው እንግዳ ይቀበሉ እንደ ነበረ ጽፏል። ለንጉሥ ክብር የተገባው መከለያ በቤት ውስጥ ለአራስ አይበዛባትም።

ልብስ ሰፊው መጋረጃውን ያመጣልን በ23ኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ የአቡጀዲውን ረዥም ስፌት በቀላሉ ተርትረን አንሶላ አደረግነው፤ ዛሬ ሕፃኑ ተኝቶበታል።