የቀረ ሰው አልከሸፈም

በእኛ ላስታ «ተሳካለት» የሚባለው የሄደ ሰው ነው። ስፖንሰር አግኝቶ የበረረ፣ ፈረንጅ አግብቶ የወጣ፣ ቢያንስ አዲስ አበባ ገብቶ ቤት የተከራየ። የቀረውን «አሁንም እዚሁ ነህ?» ይሉታል። ይህ ፍርድ ነው፤ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የላሊበላን አስጎብኚ እዩት። ቋንቋ አጥንቶ፣ ከቤተ መድኃኔ ዓለም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ አሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት እያስረዳ ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባና ቱሪስቱ ቀረ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ ደግሞ በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያ ተነሣ፤ በረራውም ተቋረጠ። የዚህ ሰው ስንፍና የቱ ላይ ነው?

ታዲያ ሱፍ የለበሰ የስኬት አሰልጣኝ ስልኩ ላይ ብቅ ይልና «ድህነትህ አስተሳሰብህ ውስጥ ነው» ይለዋል። ውሸት ነው! ድህነቱ ያለው በተዘጋው መንገድ ላይ፣ እንግዳ ባጣው ሆቴል ውስጥ ነው። ጦርነት ያፈረሰበትን ኑሮ በቀና አስተሳሰብ ጠግን ማለት፣ ተበዳዩን በዳይ ማድረግ ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ አስጎብኚው ማመኑ ነው፤ ሌሊቱን ራሱን ሲከስ ያድራል።

«የላሊበላ ልጅ ነህ፣ ኩራ» የሚሉትም አይሻሉም። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የተፈለፈለ ዓለት ለዛሬ ሥራ አጥ እራት አይሆነውም።

ጎረቤታችን ዋድላ ግን ሌላ መለኪያ አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ እየለመነ የሚማረውን የቅኔ ተማሪ ከሸፈ የሚለው የለም። የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ ከተበላሸ ይታረማል፤ ነገ ሌላ ይቆጥራል። ረሃቡን አላሞግስም፤ ልጅ ተርቦ መማር የለበትም። ግን ያ ልጅ የሚመዘነው በሥራው ነው፤ የሚመዝነውም ሥራውን የሚያውቅ መምህር እንጂ የአውሮፕላን ትኬት አይደለም። አስጎብኚውም፣ ድንጋይ ጠራቢውም፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያጭደው ገበሬም በዚሁ ይመዘኑ።

የቀረውን ልጅ «መቼ ነው የምትወጣው?» ማለት ይብቃ። ጥያቄ ያለው ሰው፣ መንገዱን በጠመንጃ የያዙትን ሁሉ፣ መለዮ ያለውንም የሌለውንም ይጠይቅ፦ ሥራውን የምትመልሱለት መቼ ነው?