ለኦሮሚያ ፖሊስ ኮሚሽን፦ አሠልጣኙን ታደሰ ብሩን ስለ ማስታወስ

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ኮሚሽነሩና ለኮሚሽኑ የሥልጠና ኃላፊዎች የሚቀርበው፣ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በደርግ የተገደሉት ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩ በፖለቲካ ታሪክ ስማቸው ደጋግሞ ሲነሣ፣ ረጅም ዘመን ያገለገሉበት የፖሊስ አዛዥነትና አሠልጣኝነት ግን ወደ ኋላ ስለቀረ ነው።

ጄኔራሉ በኮሎኔልነታቸው ዘመን ስማቸው ከፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ፣ ማለትም ሁከት ሲነሣ ቶሎ ደርሶ ጸጥታ እንዲያስከብር ከተደራጀው ኃይል ጋር የተያያዘ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ ኮልፌ በሚገኘው በዚሁ ኃይል ሰፈር ሲሠለጥኑ፣ ተኩስ፣ የፈንጂና የሞርታር አጠቃቀም፣ ትጥቅ ተሸክሞ የሚደረግ አድካሚ ጉዞ ይለማመዱ ነበር፤ ስለ ሽምቅ ውጊያ፣ ስለ አመራርና ስለ ዲሲፕሊን የሚያስተምሯቸውም ኮሎኔል ታደሰ ነበሩ። ለስድስት ወር የታቀደው ሥልጠና በስምንት ሳምንት ተቋርጦ ማንዴላ ወደ አገራቸው ሲጠሩ፣ ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። የሽጉጡ ታሪክ ብዙ ተወርቶለታል፤ ለፖሊስ የሚበልጠው ስጦታ ግን ማንዴላ በግለ ታሪካቸው ያሰፈሩት፣ አንድ ምሽት እራት ላይ የተነገራቸው ምክር ነው። አዛዥ በሥራ ላይ ሥልጣኑን በልበ ሙሉነት ይጠቀምበታል፤ ከሥራ ውጭ ግን ምግቡን ቢሮው ድረስ ሳያስመጣ፣ ተራው ወታደር የሚበላውን ከእርሱ ጋር ቀርቦ ይበላል። ምክሩ የተሰጠው ለነፃነት ጦር መሪ ቢሆንም፣ ለጣቢያ አዛዥም ያው ነው።

የጄኔራሉ ሕይወት ግን ለትምህርት ሲቀርብ ግማሹ ተቆርጦ መቅረብ የለበትም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት በማክሸፍ ለዙፋኑ የቆሙት መኮንን፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ከሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር፣ ይኸውም አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት ከተሰባሰቡበት ድርጅት መሪዎች ዋነኛው ሆኑ፤ በዚህም ምክንያት ታሰሩ፣ ሞት ተፈረደባቸው፣ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ያከበሩት ቃለ መሐላና የሕዝባቸው ጥያቄ በአንድ ሰው ውስጥ የተጋጩበት ይህ ታሪክ፣ ለአዲስ ምልምል ከማንኛውም የደንብ አንቀጽ ይልቅ የሚያሳስብ ነው።

ከአዳማ በመልካሳና በዴራ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ፣ ማኅበሩ በ1958 ዓ.ም. ታላቅ ስብሰባ ባደረገባት በኢተያ ያልፋል። ኮሚሽኑ የጄኔራሉን ሕይወት በምልምሎች ትምህርት ውስጥ እንዲያስገባ፣ ሠልጣኞችም ወደ ኢተያ እየተጓዙ ስለ ስብሰባው ከአገሩ ሽማግሌዎች እንዲሰሙ በአክብሮት ይጠየቃል። የሽማግሌዎቹም ቃል በድምፅ ተቀርጾ በኮሚሽኑ መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ስብሰባው ሲደረግ 20 ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ 80 ዓመቱን ይዟልና፣ ሥራው ከመጪው ክረምት በፊት ቢጀመር ይመረጣል።