ጀሪካኑና ድንጋዩ



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከራሳችን ደጃፍ የተነሣ ነው። ለወልቂጤ ሰው ስለ ውኃ ችግር መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በከተማችን ጀሪካን የቤት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የልጆችን የጥናት ሰዓት የሚወስድ ባለዕዳም ሆኖ ኖሯል። ረቡዕ፣ የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ነዋሪዎች ይህንኑ ባዶ ጀሪካን ይዘው «ውኃ አጣን» ሲሉ አደባባይ ወጡ። ቀኑ በተኩስ ተፈጸመ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ቢያንስ 3 ሰዎች መሞታቸውንና ሌሎችም መቁሰላቸውን አስታወቀ።

ከዚያ በኋላ ከተማው በሁለት ወሬ ተከፈለ። በአንዱ ቤት ቡና ላይ «ድንጋይ ተወርውሯል እኮ! ታዲያ ምን ይጠበቃል?» ይባላል። በሌላው ቤት ደግሞ «ከጀሪካን ሌላ ምን ያዙ? ቢወረውሩስ? ውኃ ለነሣን ሰው ድንጋይ ሲያንሰው ነው!» ይባላል። በሁለቱም ቤት ግን የተረሳ ነገር ነበር። እርሱም የሞቱት ሰዎችና ውኃው ነው።

እኛም ከዚህ ስሕተት አልዳንንም። በሳምንቱ ክፍል ስንገባ፣ ለተማሪዎቻችን ከማዘን የተነሣ «ድንጋይ የወረወረ መዘዙን ያገኛል፤ እናንተ ከዚህ ራቁ» ብለን ተናገርን። መልካም የመከርን መስሎን ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ አንገቱን ደፋ። ከክፍል ስንወጣ ጓደኛው ተከትሎን መጣና «መምህር፣ የእርሱ ወንድም እኮ እግሩን የተመታው ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ ነው» አለን። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠን በወደድን ነበር።

ዐስርን ሰግደን ወደ ቤታቸው ሄድን። እናትየዋ በአክብሮት ተቀበሉን። ይቅርታ ስንጠይቃቸው የሰጡን መልስ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም። «ኡስታዝ፣ ልጄ ጥፋት የለበትም ብለው ይንገሩልኝ አልልም። እኔ ቤት ነበርኩ፤ አላየሁም። ነገር ግን ሳይጠይቁ አይፍረዱበት» አሉን።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ነው። ሰልፍ ወደ ሁከት ሲለወጥ ብዙዎቻችን የምንፈርደው በአድራጊው ላይ ሳይሆን በወገኑ ላይ ነው። የእኛ ወገን ከሆነ ድንጋዩን እናመካኝለታለን፤ የሌላው ከሆነ ደግሞ አቤቱታውን ከድንጋዩ ጋር አብረን እንጥለዋለን። ሁለቱም አንድ ዓይነት በደል ነው፤ ልዩነቱ አቅጣጫው ብቻ ነው። የሑጁራት ምዕራፍ ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ የሚያዘን ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። እኛ የተጸጸትነው መምህር ሆነን፣ ያውም በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ነው።

ይህ የወልቂጤ ብቻ ችግር አይደለም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ብዙ ሰውም ሐዘኑን ለመግለጽ ብቻ ወጣ። ነገር ግን በሻሸመኔና በሌሎች ከተሞች ቤትና ንብረት ተቃጠለ፤ ሰዎችም በማንነታቸው ተለይተው ተጠቁ። ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ ምርመራውን ሲጨርስ 123 ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ። ከእነዚህ ውስጥ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁ አሉ፤ በሁከተኞች እጅ የተገደሉም አሉ። ሕዝቡ ግን ምን አደረገ? 123ቱን ተካፈላቸው። አንዱ በጥይት ለሞቱት ብቻ አለቀሰ፤ ሌላው በዱላና በእሳት ለሞቱት ብቻ። የሁሉም እናቶች ግን ልቅሶ ተቀምጠው ነበር።

በሌላ ቀን አንድ ተማሪያችን እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ዝም ብለን ጀሪካን ይዘን ብንቆም ማን ይሰማናል? ድንጋይ ሲወረወር እኮ ነው ሬዲዮ የሚያወራው» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የዋዛ አይደለምና በቁጣ ልናልፈው አልፈለግንም።

እውነት ነው፣ ድንጋይ ቶሎ ይሰማል። ነገር ግን የሚሰማው ድንጋዩ ነው እንጂ ጥማቱ አይደለም። ኤሪካ ቼኖዌዝና ማሪያ ስቴፋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ1900 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ የተካሄዱ 323 ንቅናቄዎችን መርምረው ነበር። ያለ ኃይል ከተካሄዱት ከመቶ 53 ያህሉ ዓላማቸውን ሲያሳኩ፣ በኃይል ከተካሄዱት ግን የተሳካላቸው ከመቶ 26 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከምክንያቶቹ ዋናው ለማንም የሚገባ ነው። ባዶ ጀሪካን እናትም አያትም መያዝ ይችላሉ። ድንጋይ ሲነሣ ግን እናት ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ባለሱቁ መዝጊያውን ይዘጋል፤ አደባባዩም ሮጦ ማምለጥ ለሚችሉ ጥቂት ጎረምሶች ይቀራል።

ከራሳችን ታሪክም ምስክር አለን። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሣው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የሙስሊሞች ንቅናቄ በየጁምዓው ሲሰባሰብ ዋና መመሪያው ለትንኮሳ መልስ አለመስጠት ነበር። እዚህም እዚያም ደም የፈሰሰባቸው ቀናት ነበሩ። የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ያን ጊዜ «ሰላማዊነታችሁ ምን ፈየደ?» የሚል አልጠፋም። ይሁን እንጂ የተሰጣቸው የአክራሪነት ስም ብዙ ክርስቲያን ጎረቤት ዘንድ ሥር ሊሰድድ አልቻለም፤ ሱቁ ሲሰበር አላየምና። በኋላም ታሳሪዎቹ ተፈቱ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። መንገዱ አጭር ነበር አንልም፤ ትዕግሥት ሁልጊዜ ዋጋውን በቶሎ ይከፈላል ብለንም ልጆቻችንን አናታልልም።

እንግዲህ ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ፣ ልጅ በሚሰማበት ቡና ላይ «እነርሱ» እያልን አንፍረድ። «ማን? የት? ማን አየ?» ብለን እንጠይቅ። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ እንደማይፈርድ ለጉራጌ ልጅ መንገር አያሻም፤ ከአያቶቹ ሸንጎ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነውና። ሁለተኛ፣ የወገናችንን ጥፋት ለመሸፈን አንቸኩል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይ የሆነውን ወንድም መርዳት ማለት እጁን ከበደል መያዝ መሆኑን አስተምረውናል። ስለዚህ ድንጋይ ያነሣውን ልጅ መጀመሪያ «ጣል» ማለት ያለበት አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ነው። ሦስተኛ፣ በአንድ ልጅ ድንጋይ ምክንያት የሺህ ሰው ጥማት ሐሰት አይሆንም፤ ባዶ ጀሪካን በያዘ ሰው ላይ መተኮስም ትክክል አይሆንም። ድንጋዩን ያወገዘ አፍ ጥይቱንም ሊያወግዝ፣ ጥይቱን ያወገዘም ድንጋዩን ሊያወግዝ ይገባዋል።

አንገቱን ለደፋው ተማሪያችን በክፍል ውስጥ፣ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። የተናገርነው በሁሉም ፊት ነበርና ይቅርታውም በሁሉም ፊት መሆን ነበረበት። ልጁ ምንም አላለንም፤ ቀና ብሎ ግን ደብተሩን ገለጠ።

አላህ ከማየታችን በፊት ከመፍረድ ይጠብቀን። እስከሚቀጥለው ወር፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።