ከሐዋሳ እስከ ጁባ፦ የአቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የአደራዳሪነት ጉዞ

የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በአፍሪካ ቀንድ አገሮች ዘንድ ከሚታወሱባቸው ተግባራት አንዱ የደቡብ ሱዳን ተፋላሚ ወገኖችን ለማስታረቅ ያደረጉት ጥረት ነው። በቦንጋና በመላው ካፋ ዞን ግን ስማቸው አስቀድሞ የተሰማው በሌላ ኃላፊነት ነበር። ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልን በርዕሰ መስተዳድርነት ሲመሩ፣ ካፋ መቀመጫውን ሐዋሳ ያደረገው የዚህ ሰፊ ክልል አንድ ዞን ነበር።

በወላይታ ቦሎሶ ሶሬ የተወለዱት አቶ ኃይለማርያም በሙያቸው የውኃ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህርና ዲን ሆነው አገልግለዋል። ወደ ክልሉ ከፍተኛ ሥልጣን የመጡት የገዢው ፓርቲ የ1993 ዓ.ም. ክፍፍል አቶ አባተ ኪሾን ከርዕሰ መስተዳድርነት ካስነሳ በኋላ ነበር።

የተረከቡት ክልል የረጋ አልነበረም። የቀድሞው የካፊቾ-ሸኪቾ ዞን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካፋና ሸካ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን የሆነው ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ ነው። አዲሱ ርዕሰ መስተዳድር ብዙም ሳይቆዩ ከካፋ አጎራባች በሆነው የሸካ ዞን፣ በቴፒና አካባቢው፣ በ1994 ዓ.ም. የአስተዳደርና የወሰን ጥያቄ ያስነሳው ግጭት የበርካታ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የሐዋሳን ከተማ አስተዳደር በተመለከተ የሲዳማ ሕዝብ ያቀረበው ተቃውሞ በጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ተበትኖ ሰዎች ተገድለዋል። በእነዚህ ጉዳዮች ክልሉ የተከተለው መንገድ ሰላምን በማስከበርና ጥያቄውን በማዘግየት ላይ ያተኮረ እንደነበር በኋላ የታዩት ሁኔታዎች ያመለክታሉ።

አቶ ኃይለማርያም በ2003 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በጁባ ጦርነት ሲቀሰቀስ ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ባለሥልጣን (ኢጋድ) ሊቀመንበር ስለነበረች ድርድሩን የመምራቱ ኃላፊነት በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ውጊያው ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከኬንያው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ጋር ወደ ጁባ አቀኑ። የኢጋድን የአደራዳሪዎች ቡድን በዋና አደራዳሪነት የመሩት ለ19 ዓመታት ያህል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት አምባሳደር ስዩም መስፍን ሲሆኑ፣ ከጎናቸው የኬንያው ጄኔራል ላዛሮ ሱምቤይዎና የሱዳኑ ጄኔራል ሙስጠፋ አል-ዳቢ ነበሩ።

ጦርነቱ ለኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ጋምቤላ ገብተዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን አፍነው ወስደዋል።

የድርድሩ ውጤት በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል አይደለም። ጥር 15 ቀን 2006 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈረመ፤ ግንቦት 1 ቀንም ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና ዶክተር ሪክ ማቻር ፊት ለፊት ተገናኝተው ፈረሙ። ሁለቱም ስምምነቶች ብዙ ሳይቆዩ ተጣሱ። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ኖርዌይ፣ ቻይናና ሌሎችም የተካተቱበት የተስፋፋ መድረክ ተቋቋመ። ዶክተር ማቻር ነሐሴ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲፈርሙ ፕሬዚዳንት ኪር ጊዜ ጠይቀው ተመለሱ፤ የፈረሙትም ነሐሴ 20 ቀን፣ በጁባ፣ ቅሬታቸውን በጽሑፍ አያይዘው ነው። ስምምነቱ ከብሔራዊው የሥራ አስፈጻሚ ሥልጣን 53 በመቶውን ለመንግሥት፣ 33 በመቶውን ለማቻር ወገን ሰጠ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲጠባ ሁለቱ ጠባቂዎች በጁባ ተታኩሰው ማቻር አገር ለቀው ሸሹ።

ለውድቀቱ አደራዳሪዎቹን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ሚዛናዊ አይሆንም። የኢጋድ አባል የሆነችው ዩጋንዳ ጦሯን ከጁባ መንግሥት ጎን አሰልፋ ነበር፤ አደራዳሪ ከሆኑት አገሮች አንዱ ተዋጊ በሆነበት ድርድር ገለልተኝነትን ማስጠበቅ እጅግ አዳጋች ነው። ሆኖም ስምምነቱ ራሱ አንድ ጉድለት ነበረበት። ሥልጣንን በመቶኛ አከፋፈለ እንጂ ሁለቱ መሪዎች ሥልጣን መልቀቅ የሚችሉበትን መንገድ አላበጀም።

አቶ ኃይለማርያም ይህን መንገድ ለራሳቸው መርጠዋል። በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በርካታ ዜጎች ሕይወታቸውን ካጡበት የሦስት ዓመታት ገደማ ተቃውሞ በኋላ፣ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የመፍትሔው አካል ለመሆን በሚል ሥልጣን የመልቀቅ ጥያቄ አቀረቡ። ተቃውሞው በአመራራቸው ዘመን የተካሄደ በመሆኑ ውሳኔው ከተጠያቂነት ነፃ አያደርጋቸውም። ቢሆንም ያደራደሯቸው ሁለቱ መሪዎች ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ያላደረጉት ነገር ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአፍሪካ ኅብረትን የምርጫ ታዛቢ ቡድን በዚምባብዌ መርተዋል። የታደሰው የደቡብ ሱዳን ስምምነት መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲፈረም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ነበሩ። ዶክተር ማቻር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በጁባ በቁም እስር ውለዋል።

በአገር ውስጥ ደግሞ ከሐዋሳ ዘመን ሲንከባለሉ የመጡት ጥያቄዎች ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በአንድ ጊዜ ተነሡ። የካፋ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ዞኑ በክልልነት እንዲደራጅ ጠየቀ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሐዋሳ ርቀት ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን መሠረቱ። የክልሉ መቀመጫዎች በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ተከፋፍለዋል። ቴፒ በ1994 ዓ.ም. ደም የፈሰሰባት ከተማ ናት።