ስፒናው ገባ ማለት መብራቱ ተስማማ ማለት አይደለም



ለሐጅ የሚጓዙ ወላጆች፣ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ እህቶች፣ ዘመድ ዘንድ ወደ አሜሪካ የሚያቀኑ ወንድሞች ሻንጣ ሲያሰናዱ ስለ ልብሱ፣ ስለ በርበሬውና ስለ ሽሮው ብዙ ይመከራሉ። ስለ መብራት ግን የሚመክራቸው የለም። የዛሬው ጨዋታችን በዚሁ ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቆጋ ወንዝ አጠገብ ካለው ቤታችን ተሰብስበን ከጅዳ የተመለሰችውን አክስቴን ተቀበልን። ለአያቴ ያመጣችላት ስጦታ የጁስ መፍጫ ነበር፤ የወራት ደመወዟን አጠራቅማ የገዛችው። የስፒናው እግሮች ጠፍጣፋ ስለሆኑ ለሶኬታችን አልገቡም። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነኝ፤ አዋቂ መስዬ ሱቅ ሮጥሁና አዳፕተር ገዝቼ መጣሁ። አሁን ሰተት ብሎ ገባ። መፍጫው ለአፍታ እንደ አውሬ ጮኸ፤ ወዲያው ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው።

አያቴ «አልሐምዱሊላህ፣ እጅሽ ተርፏል» አለቻት። አክስቴ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሁሉም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ረገመ። በሳምንቱ የፊዚክስ መምህሬ መፍጫውን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳዩኝ፤ 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለካ ሻጩን ያለ ጥፋቱ አምተነዋል! ጽሑፉ እዚያው ነበር፤ ያላነበብነው እኛ ነን።

ቮልት ማለት መብራቱ የሚገፋበት ኃይል ነው። የቆጋን መስኖ ያየ ይህ አይከብደውም፤ ለትንሽ ቦይ የተበጀ መደብ ላይ የዋናውን ቦይ ውሃ ብትለቁበት ቡቃያውን ጠራርጎ ይወስደዋል። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ግፊቱን አይለውጥም። ግፊቱን የሚለውጠው ትራንስፎርመር ነው። እኔ ያን ቀን ያደረግሁት በሩን መክፈት ብቻ ነበር፤ ጎርፉ ገባ።

አገሮቹ እንግዲህ እንዲህ ናቸው። ሳውዲ ዐረቢያ ለረጅም ዘመን በብዙ ቤቶች 127 ቮልት ስትጠቀም ኖራ፣ በ1431 ሂጅራ (2010 እ.ኤ.አ.) ወደ 230 ቮልት ለመሸጋገር ወሰነች፤ ኸርዙ ግን 60 እንደሆነ ነው። ለውጡ ቀስ በቀስ የሚካሄድ ስለሆነ በቆየ ቤት ያረፈ ሰው ከመሰካቱ በፊት ይጠይቅ። በዚያም በኤምሬትስም የሚበዛው ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን እግር የሚቀበለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሲሆን ስፒናው ጠፍጣፋ ነው። ጎረቤትነት ደግሞ ዋስትና አይሆንም፤ በካሪቢያን ባሕር ጃማይካ 110 ቮልት ስትጠቀም ሴንት ሉቺያ 240 ትጠቀማለች።

ከዚህ 220 ቮልት የሚለውን የእንጀራ ምጣድ ተሸክማ አሜሪካ የገባች እናት፣ ምጣዱ ከኃይሉ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሠራላትም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ይህ ቢያናድድም አይጎዳም። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ 1,200 ዋት የውሃ ማፍያ እዚህ ቢሰካ ወደ 4,000 ዋት ሊስብ ይሞክራል። ዕቃው ይቃጠላል፤ ገመዱን ይዞ ቤቱንም ሊያነድ ይችላል።

ስለዚህ እነዚህን አንርሳ፦

አንደኛ፣ ከመግዛትም ከመሰካትም በፊት የዕቃውን ጀርባ እናንብብ። 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ በሁሉም አገር ይሠራል፤ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። አብዛኛው የሞባይልና የላፕቶፕ ቻርጀር እንዲህ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ካለው ግን ለዚያ ቮልት ብቻ የተሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ ትራንስፎርመር የሚገዛ ሰው ዋቱ ከዕቃው ዋት ከፍ ያለውን ይምረጥ። ትራንስፎርመር ኸርዝን እንደማይለውጥም ይወቅ፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ፍሪጅ እዚህ ሞተሩ ሊግል ይችላል።

ሦስተኛ፣ የእንግሊዙን ሶኬት የላይኛ ቀዳዳ በእስክሪፕቶ እየገፉ የእኛን ስፒና መክተት ይቅር። ያ መዝጊያ የተሠራው ለሕፃናት ጥበቃ ነው። የምድር መስመሩንም እግር መቁረጥ አይገባም።

አራተኛ፣ በማረፊያ ቤትም ሆነ በድንኳን አንድ ማከፋፈያ ላይ ማፍያውንም ካውያውንም አንደርድር። በ1417 ሂጅራ (1997 እ.ኤ.አ.) ሚና ላይ የተነሳው እሳት 343 ሑጃጅን ፈጅቷል። የዚያ መነሻ የጋዝ ምድጃ ነበር ቢባልም፣ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ የአንዱ ቸልታ የሁሉ መሆኑን አስተምሮናል።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። ከውጭ የመጣና ለአገራችን መብራት የማይስማማ ዕቃ ያለው ሰው፣ ሲሸጠውም ሲሰጠውም ይህንኑ ይናገር። ዐይቡን ደብቆ መሸጥ በዲናችን እንደማይፈቀድ ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል፤ እዚህ ላይ ደግሞ የተደበቀው ዐይብ እሳት ነው።

አክስቴ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ከውጭ ዕቃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ገልብጣ ታነባለች፤ ከዚያ «ና እስኪ መምህሩ፣ አንተም እየው» ትለኛለች። እኔም አያለሁ። ያን አዳፕተር ገዝቼ የመጣሁት እኔ መሆኔን ሁለታችንም አልረሳንም።

ተጓዦቻችንን አላህ በሰላም ይመልስልን። ለሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ ያገናኘን።