የጸሐፊው ሐቅ

የሩብ ዓመቱ ሂሳብ በሚታወቅበት ወር በ27ኛው ቀን ማታ፣ በዱባይ ዴራ ሰፈር ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች በአንዱ መብራቷ ያልጠፋ ትንሽ ቢሮ ማግኘት አያስቸግርም። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ፣ ግድግዳው ላይ የሂጅራና የሚላዲ ቀን መቁጠሪያ ያላት ክፍል ናት። ከኢሻ ሶላት በኋላ በሩ ይንኳኳል። የገባው ሰው ፌስታል ይዟል፤ በፌስታሉ ውስጥ የሦስት ወር ደረሰኝ አለ። ግማሹ ተጨማድዷል፤ ከፊሉን ዘይት ነክቶታል፤ በመኪና ውስጥ የከረመው ደግሞ ጽሑፉ በሙቀት ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ሆኗል። "አብሽር ወንድሜ፣ አንተ ታውቅበታለህ። ነገ ነው አሉ የመጨረሻው ቀን" ይልና ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። የቢሮው ባለቤት ግን እስከ ፈጅር ቁጭ ብሎ ያድራል።

የእነዚህ ቢሮዎች ታሪክ አጭር ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የ5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ነው። ከዚያ በፊት የምግብ ቤት ባለቤት፣ የልብስ ሱቅ ባለቤት ወይም ዕቃ ጫኝ ሂሳቡን በቃሉ ወይም በአንድ ደብተር ይዞ ዕድሜውን ሊነግድ ይችል ነበር። ከጁን 2023 ጀምሮ በሚነሱ የሂሳብ ዓመታት ላይ የኮርፖሬት ታክስ ተጨመረ። ሁለቱም በፌዴራል ታክስ ባለሥልጣን ኢማራ ታክስ የተባለ የኤሌክትሮኒክ መድረክ በኩል ይከናወናሉ። የባለሥልጣኑ መመሪያዎች በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ይወጣሉ። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ነጋዴ የሂሳብ አዋቂ ብቻ ሳይሆን አስተርጓሚም አስፈለገው። ትንሿ ቢሮ ሁለቱንም ሆና ተገኘች፤ ክፍያው ግን የአንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ከተከፈለ።

ስለዚህ ሙያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የሕጉ ክብደት ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ቀኑ ይታወቃል፤ የታክስ ጊዜው ካበቃ በኋላ ባለው ወር እስከ 28ኛው ቀን ማሳወቅና መክፈል ነው። ቢሮዋን የሚያደክማት ደንበኛው ሂሳብን የንግዱ አካል አድርጎ አለማየቱ ነው። ዕቃ መግዛት ንግድ ነው፣ መሸጥ ንግድ ነው፤ መመዝገብ ግን የሌላ ሰው ጣጣ ተደርጎ ይታሰባል።

አንድ ቁጥር ብቻ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ ማየት ይቻላል፤ 375,000። ይህ ቁጥር በሁለቱም ሕጎች ውስጥ ይገኛል። በተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ 375,000 ድርሃም ማለት በ12 ወር ውስጥ የተደረገ ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ ነው። ሽያጩ ከዚህ ካለፈ ነጋዴው በ30 ቀን ውስጥ ለመመዝገብ ማመልከት ግዴታው ነው፤ አተረፈም ከሰረም ልዩነት የለውም። በኮርፖሬት ታክስ ሕግ ግን ያው 375,000 ትርፍን የሚመለከት ነው፤ ታክስ የሚከፈልበት ትርፍ እስከዚህ ድረስ ምጣኔው ዜሮ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 9 በመቶ ነው። በሻይ ቤት ወሬ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። "ትርፌ 375 ሺህ አይሞላም፤ እኔን አይመለከተኝም" የሚል ሰው ሱቁ በዓመት 600,000 ይሸጥ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ሰው ወደ ቢሮዋ የሚመጣው አንድ ትልቅ ደንበኛ የታክስ መለያ ቁጥር ሲጠይቀው ነው። ባለሙያው ወደ ኋላ ሄዶ ይቆጥራል። መመዝገብ ከነበረበት ቀን ወዲህ 210,000 ድርሃም ሸጧል እንበል። ከደንበኞቹ ታክስ አልተቀበለም፤ ሕጉ ግን የተቀበለውን ዋጋ ታክሱን እንደያዘ ይቆጥረዋል። ከ210,000 ውስጥ 10,000 ድርሃም የመንግሥት ነው ማለት ነው። ዘግይቶ ለተመዘገበበት የሚጣለው ቅጣት ሌላ 10,000 ድርሃም ነው። ለትንሽ ምግብ ቤት 20,000 ድርሃም የኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ባለሙያው ይህን ቁጥር ሲናገር የሚያገኘው መልስ ምስጋና አይደለም። "ያ ሌላኛው ይህን አልነገረኝም" ይባላል። ዜናውን ያመጣው ሰው ዜናውን የፈጠረ ይመስላል።

ከዚህ የሚከብደው ወደ ውጭ የሚላከው ዕቃ ነው። ለአበሻ ነጋዴ ዋናው ጉዳይም ይህ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በናይፍ ገበያ ሱቅ ገብቶ የ84,000 ድርሃም ዕቃ ይገዛል። ከፊሉን በሻንጣ ይይዛል፣ ከፊሉን ለካርጎ ይሰጣል። ባለሱቁ ዕቃው ከአገር የሚወጣ ስለሆነ በዜሮ ምጣኔ ደረሰኝ ይቆርጣል። ትክክል ነው፤ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ምጣኔው ዜሮ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚያየው ባለሱቁ የሚያውቀውን ሳይሆን በእጁ ያለውን ሰነድ ነው። ዕቃው በ90 ቀን ውስጥ ከአገር መውጣቱ በጉምሩክና በማጓጓዣ ሰነዶች መረጋገጥ አለበት። ገዢው ቦሌ ከደረሰ ወዲያ ስልኩን አያነሳም። የካርጎው ሰው የብዙ ሰዎችን ዕቃ በአንድ ስም ጠቅልሎ ልኮታል፤ በሰነዱ ላይ የባለሱቁ ደረሰኝ ቁጥርም የገዢው ስምም የለም። ሦስት ወር ሲሞላ ባለሙያው "የመውጫ ሰነዱ የታለ?" ይላል። የለም። ከሌለ ደግሞ ሽያጩ እንደ አገር ውስጥ ሽያጭ ይቆጠርና ከ84,000 ውስጥ 4,000 ድርሃም ታክስ ይሆናል። በጥቂት በመቶ ትርፍ የሚሠራ ጅምላ ሻጭ የዚያ ቀን ልፋቱ በሙሉ ሄደ ማለት ነው።

መፍትሔው እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ባለሱቁ 5 በመቶውን አስቀድሞ ላስከፍል ቢል ገዢው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። ለቱሪስቶች የተዘረጋው የታክስ ተመላሽ ሥርዓት አለ፤ በዚያ ሻጩ ታክሱን ያስከፍላል፣ መንገደኛው ኤርፖርት ላይ ይጠይቃል። በአሥር ካርቶን ለሚጭን ነጋዴ ግን ይህ መንገድ አልተሠራለትም። የሚያዋጣው ከካርጎ ቤቱ ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው፤ የገዢው ስም፣ የፓስፖርት ቁጥሩና የደረሰኙ ቁጥር በጭነት ሰነዱ ላይ ይግባ፤ ሰነዱ ሳይመጣ ዕቃው ከመጋዘን አይውጣ። ይህ ደግሞ በሽያጩ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። በ27ኛው ቀን ማታ የሚሠራ አይደለም፤ የትኛውም ባለሙያ፣ ምንም ያህል ቢተጋ፣ ያልተጻፈን ሰነድ ከሦስት ወር በኋላ በሐላል መንገድ ሊያመጣው አይችልም።

"በሐላል መንገድ" የሚለው እዚህ ላይ ያለ ምክንያት አልገባም። ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ወንበሩ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል። "ግዢውን ትንሽ ከፍ አታደርገውም?" ወይም "ከዘመዴ ሱቅ ደረሰኝ ላምጣልህ?" የትንሿ ቢሮ ትልቁ ፈተና ይህች ቅጽበት ናት። ደንበኛው የአገር ልጅ ነው። አብረው ጁምዓ ይሰግዳሉ፤ በረመዳን አብረው አፍጥረዋል፤ ምናልባትም ቢሮዋ ስትከፈት የመጀመሪያውን ኪራይ ያበደረው እሱ ነው። እምቢ የተባለው ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ወንድሙን፣ የሚስቱን ሱቅና የጎረቤቱን ምግብ ቤት ይዞ ይሄዳል። እሺ ያለ ባለሙያ ደግሞ በአንድ ማታ የሐሰት ሰነድ ሠሪ ሆኖ ያድራል። በዚህ ላይ የክፍያው ነገር አለ። ለሦስት ወር ሥራ የሚጠየቀው ገንዘብ ለሁለት ቤተሰብ እራት ከሚወጣው አይበልጥም፤ እሱም "ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር" እየተባለ ይንከባለላል። በርካሽ የተገዛ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ደንበኛው ሲከራከር የሚቀንሰው ክፍያ፣ ባለሙያው በዚያች ቅጽበት የሚደገፍበትን ግድግዳ ነው።

ሙስሊም ነጋዴ ይህን ጉዳይ ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ ስለ ዕዳ አጻጻፍ የሚናገር ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ ዕዳ ከነጊዜው ለመጻፍ እንዳይሰለቹ ያዛል። ብዙ ሰው እስከዚህ ያስታውሳል። በአንቀጹ መጨረሻ አካባቢ ያለው ስለ ጸሐፊው የሚናገረው ክፍል ግን ብዙም አይወሳም። ሙፈሲሮች የዐረብኛውን ግሥ በሁለት መንገድ አንብበውታል፤ በአንደኛው ጸሐፊው ሰውን አይጉዳ፣ በሁለተኛው ደግሞ ጸሐፊው በሰው አይጎዳ ማለት ነው። ሁለቱም ንባቦች ለዴራዋ ቢሮ ይስማማሉ። በመጨረሻዋ ሌሊት ፌስታል ማራገፍ፣ ክፍያን ማንከባለል፣ ውሸት እንዲጽፍ ማባበል ጸሐፊን መጉዳት ነው።

የመጀመሪያው ንባብም ቦታ አለው። ጸሐፊዎቹም ይጎዳሉና። የደንበኛውን የኢማራ ታክስ መለያ በራሳቸው ኢሜይልና በራሳቸው ስልክ ቁጥር የሚከፍቱ አሉ። ከባለሥልጣኑ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ወደ እነርሱ ይሄዳል፤ ነጋዴው ቅጣቱን የሚሰማው ሲከፍል ነው፤ ጠብ ከመጣም መለያው መያዣ ይሆናል። ከአቅማቸው በላይ ደንበኛ ይዘው የአንዱን ቀን የሚያሳልፉ አሉ፤ ማሳወቂያው ሲዘገይ ለመጀመሪያ ጊዜ 1,000፣ በ24 ወር ውስጥ ሲደገም 2,000 ድርሃም የሚቀጣው ግን ነጋዴው ነው። ሂሳብ የሚጽፍ ሁሉ በባለሥልጣኑ መዝገብ የገባ የታክስ ወኪል አይደለም፤ ልዩነቱን ለደንበኛው ሳይናገሩ "እኔ አለሁልህ" ማለትም ጉዳት ነው። ማሳወቂያው ላይ ላለው ስሕተት በሕግ ፊት የሚጠየቀው ታክስ ከፋዩ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ሊነግሩት ይገባል።

የኮርፖሬት ታክሱ ጉዳይም በተመሳሳይ ዝምታ ሰዎችን ጎድቷል። የዓመት ገቢያቸው ከ3 ሚሊዮን ድርሃም ለማይበልጥ ድርጅቶች የተሰጠው የአነስተኛ ንግድ እፎይታ አለ፤ እ.ኤ.አ. እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ድረስ ለሚያበቁ የታክስ ጊዜያት ይሠራል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ መመዝገብም ማሳወቅም የቀረ መሰላቸው። አልቀረም። መመዝገብ፣ የታክስ ጊዜው ባበቃ በዘጠኝ ወር ውስጥ ማሳወቅ፣ እፎይታውንም በማሳወቂያው ላይ መምረጥ ያስፈልጋል። መዝገቡም ለሰባት ዓመት ይቀመጣል። "ዘካዬን አወጣለሁ፣ ይበቃኛል" የሚል ነጋዴም ይገኛል። ዘካው ግዴታው ነው፤ ታክሱን ግን አይተካውም። ደግሞም ሐውሉ ሲሞላ የዕቃውን ዋጋና በሰው እጅ ያለውን ገንዘብ ሳይቆጥር ከ40 አንዱን እንዴት ያወጣል? ለዘካው የሚያስፈልገው ቆጠራ ባለሙያው በየዓመቱ የሚለምነው ያው ቆጠራ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ሊጻጻፉ ይገባል። አንድ ገጽ ይበቃል። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ በየወሩ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ሰነዶች እስከ ስንተኛው ቀን እንደሚደርሱ፣ መለያውና የይለፍ ቃሉ በነጋዴው ስም እንደሚሆን፣ ሰነድ የሌለው ወጪ እንደማይገባ። የአገር ልጅ ለአገር ልጅ ውል መጻፉ የሚያሳፍረው ካለ፣ ከላይ የተጠቀሰው አንቀጽ የወረደው ለሚተማመኑ ሰዎች ጭምር መሆኑን ያስብ። ደረሰኞቹን ደግሞ በተቀበሉበት ቀን በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻላል፤ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት በአገሪቱ በየደረጃው እየመጣ ስለሆነ የፌስታሉ ዘመን የሚያበቃው በውድም ሆነ በግድ ነው።

ማርች 31 የሚያበቃ ሩብ ዓመት ያለው ነጋዴ የመጨረሻ ቀኑ ኤፕሪል 28 ነው። ሰነዱ ኤፕሪል 10 ቢደርስ ባለሙያው 18 ቀን አለው፤ የጠፋ ደረሰኝ ቅጂውን ከሻጩ ለመጠየቅ፣ ካርጎ ቤቱን ለመጨቅጨቅ፣ አጠራጣሪውን ለይቶ ደውሎ ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ ነው። ኤፕሪል 27 ከኢሻ በኋላ ቢደርስ ግን አንዲት ሌሊትና አንድ ቀን ብቻ ይቀሩታል።